ባዶውን ነው ወይስ ፉሉን?

በየቤተሰቡ አንድ ላስቲክ የማይቀድ ሰው አለ። «እኛ ቤት የለም» የምትሉ ከሆነ እስቲ የቴሌቪዥናችሁን ሪሞት አንሱና እዩት። ላስቲኩ ውስጥ ነው አይደል? ቁጥሮቹ አይታዩም፣ ድምፅ ለመጨመር አውራ ጣት እስኪላጥ መጫን ያስፈልጋል፣ ሪሞቱ ግን አዲስ ነው። ቴሌቪዥኑ ተበላሽቶ ይጣላል፣ ሪሞቱ አዲስ እንደሆነ ይቀራል።

የኛ ቤት ላስቲክ የማይቀድ ሰው የእህቴ ባል ናቸው። አንቱ የምላቸው ታላቄ ስለሆኑ እንዳይመስላችሁ፤ እኩያዬ ናቸው። አንቱታውን የጀመርኩት ለሠርጋቸው የገዙትን ኮት፣ እጅጌው ላይ ያለችውን የፋብሪካ ምልክት ሳይፈቱ፣ ዓመት ከዓመት ሲለብሱት አይቼ ነው። እንዲህ ያለ ሰው አንተ አይባልም። በሰፈር ደግሞ «ፉል ኦፕሽን» ይባላሉ፤ ይህን ማዕረግ ያገኙት በፒካፑ ነው።

እህቴ ሶፋ ትሠራለች። ትሠራለች ስል ታሠራለች ማለቴ አይደለም፤ እንጨቱን የምትለካው፣ ስፖንጁን የምትቆርጠው፣ ጨርቁን የምትወጥረው ራሷ ናት። ሥራዋ ላይ እንከን የለም። ችግሯ ማድረስ ነበር። የኪራይ መኪና ሹፌር ስትደውልለት «መንገድ ላይ ነኝ» ይላል፣ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ። ሲመጣም ሶፋውን ከዝገት ጋር አፋጭቶ ያደርሰዋል፤ ደንበኛው የሚቆጣው ግን ሹፌሩን ሳይሆን እሷን ነው። በዚህ ምክንያት ያጣቻቸው ደንበኞች ሲታወሷት እንቅልፍ አይወስዳትም። በመጨረሻ ያጠራቀመችውን አወጣችና ፒካፕ ይገዛ ተባለ። እስከዚህ ድረስ ብልህ ሴት ናት። ከዚያ ምርጫውን ለባሏ ሰጠች።

መኪና መሸጫው ሦስታችንም ሄድን። ሻጯ ትሑት ልጅ ናት፣ ፈገግ ብላ «ባዶውን ነው ወይስ ፉሉን?» አለች። በመኪና ሻጮች ቋንቋ ባዶ ማለት መሪና ጎማ ያለው፣ ሌላ ጣጣ የሌለበት መኪና ነው። ፉል ማለት ጣጣው ነው።

የክቡርነታቸው፣ የፉል ኦፕሽን፣ ፊት ጠቆረ። «ባዶ? እኔ ባዶ ነገር ገዝቼ አውቃለሁ? ወንድምዓለም፣ እስቲ አንተ መስክር» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። መሰከርኩ። ምን ላድርግ፣ እውነት ነው።

«እኔ ግን የምፈልገው ባዶውን ነው» አለች እህቴ። «ባዶ ካልሆነ ሶፋውን የት ላድርገው?»

«ቆይ አንቺ፣ ይሄ የቴክኒክ ጉዳይ ነው።»

ቴክኒኩ ተጀመረ። ወንበሩ የተሰፋበት ክር ቀይ ይሁን ወይስ ግራጫ? ናሙናው ወደ መስኮት ተወሰደ፣ ወደ ጥላ ተመለሰ፣ በመነጽር ታየ፣ ያለ መነጽር ታየ። እኔ ትዳር ስይዝ እንደዚያ አላመነታሁም። (ባለቤቴ ይህን ካነበበች ቀልድ ነው።) መኪናው በመጣ ቀን ደግሞ ሻጯ የወንበሩን ላስቲክ ልትቀድላቸው ስትል እጇን ቀልበው ያዙት። «ተይው ልጄ» አሏት በአባትነት ድምፅ፣ «እሱም ኦፕሽን ነው።»

ሰው ፉሉን ከገዛ በኋላ የሚጨምረው የለም ብላችሁ ከሆነ የመኪና ዲኮር ቤት ገብታችሁ አታውቁም። ባለ ዲኮር ቤቱ ክቡርነታቸውን ከሩቅ ሲያይ ሻይ ያዛል። ከዚያ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ አንድ ነገር መጥቷል» ይላቸዋል። ይህቺ «አንድ ነገር መጥቷል» የምትባል ነገር ስንቱን ቤት አፍርሳለች።

ጣሪያው ላይ ፓውዛ ተደረደረ፤ ሲበራ ስታዲየም ይመስላል። እሳቸው ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤታቸው የሚገቡ ሰው ናቸው። «ለምንዎ ነው?» ስላቸው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አሉኝ። ወንዝ ሲሻገሩ ሞተሩ የሚተነፍስበት ረጅም ቱቦ በጎን ተሰካ። ደመና ካዩ መኪና አያወጡም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ።» ከጭቃ ራስን ጎትቶ ማውጫ የብረት ገመድ ከነመጠምጠሚያው ፊት ለፊት ታሰረ። ከቤታቸው እስከ እህቴ ወርክሾፕ አስፋልት ነው፤ ያለው ጭቃ አበባ መትከያው ውስጥ ያለው ብቻ ነው። እሱንም ጠርጥረውት ይሆናል።

ይህ ሁሉ ባልከፋ። ካሶኒውን ባይነኩት። ካሶኒ፣ ፒካፕን ፒካፕ የሚያሰኘው የኋላ መጫኛው፣ መጀመሪያ ምንጣፍ ተነጠፈለት፣ እንዳይጫር። ቀጥሎ ወፍራም ኒኬል ብረት ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ቅስት ተተከለበት፣ እንዲያምር። በመጨረሻ ጠንካራ ክዳን ተገጥሞለት በቁልፍ ተቆለፈ። ውስጡ ምን አለ? ምንጣፉ። የተቆለፈውም ምንጣፉ እንዳይሰረቅ ነው።

ጋቢናው ውስጥ መግባት ደግሞ ራሱን የቻለ ሥርዓት አለው። በሩ ጋ ቆመው «ወንድምዓለም፣ ጫማህን አራግፍ» ይላሉ። እኔ በእልህ አላራግፍም ነበር፤ አስፋልት ላይ የቆመ ሰው ምን ያራግፋል? ቀጥሎ «ቀስ ብለህ ተቀመጥ» ይመጣል። ከታች የፋብሪካው ላስቲክ አለ። ላስቲኩ እንዳይጎዳ ቆዳ ለብሷል። ቆዳው እንዳይጎዳ ጨርቅ፣ ጨርቁ እንዳይቆሽሽ ፎጣ። ቂጥ ከወንበሩ ጋር ሳይተዋወቅ የሚኬድበት መኪና እሱ ብቻ ነው። ሲቆም ደግሞ ከላይ የመኪና ልብስ ይለብሳል።

እህቴ ታዲያ ምን ሆነች? ልብስ በለበሰው ፒካፗ አጠገብ ቆማ የኪራይ መኪና ትጠብቃለች።

«አንድ ትራስ እንኳ የማይጭን መኪና» አለቻቸው አንድ ቀን።

«ዳገት ላይ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዝ አለው እኮ» አሉ ክቡርነታቸው፣ ቅር ብሏቸው።

«ለአፍ ዳገት የለውም» ብላ መቀሷን አነሳች።

ነገሩ እስከዚህ ድረስ ቀልድ ነበር። ከዚያ የእንግዳ ማረፊያው ትእዛዝ መጣ። ከከተማው ወጣ ብሎ ዳገት ጫፍ ላይ አዲስ የሚከፈት ነው፤ ባለቤቱ ለመቀበያ አዳራሹ ሶፋ አዘዟት። ቅዳሜ ጠዋት እንግዶቻቸው ከመግባታቸው በፊት ከደረሰ የየክፍሉ ወንበር ሁሉ የእሷ ነው። ካልደረሰ ሌላ ሠሪ አላቸው፤ ይህንንም ሳይሸሽጉ ነግረዋታል። እንደዚህ ያለ ሥራ መጥቶላት አያውቅም። ጨርቁ የወተት ቀለም ያለው፣ ጣት ቢነካው አሻራው የሚቀርበት ዓይነት ነው። እጇን በሳሙና እየታጠበች ነው የሰፋችው።

ቅዳሜ ጠዋት ባለ ኪራዩ ደወለ። መንገድ ላይ ነው፤ ግን መኪናው ተበላሽታ ቆማለች።

ሁላችንም ዞረን ፒካፑን አየነው። ልብሱ ተገፈፈ፣ ክዳኑ ተከፈተ፣ ሶፋው ተነሳ። በረጅሙ ተሞከረ፣ ብረቱ ከለከለው። በአግድም ተሞከረ፣ ክዳኑ ከለከለው። ክቡርነታቸው «ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ግራ» ይላሉ፤ ግራ የገባን ግን እኛ ነን። እኔ ደግሞ ክፉ ቀን የማያስተምረኝ ሰው ነኝና «ፓውዛው ላይ እንስቀለው ይሆን?» አልኩ። ማንም አልሳቀም።

እህቴ አልጮኸችም። ብትጮህ በተሻለ። ወርክሾፑ በር ላይ፣ የሶፋው እንጨት ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ቀስ ብላ «እኔ እኮ ባዶውን ነበር ያልኩህ» አለች። ከዚያ እጇን አየችው፣ መርፌ የበላውን እጇን። አንጀቴን በላችው።

ክቡርነታቸው ኮታቸውን፣ ያንን ምልክት ያለበትን ኮት፣ አውልቀው አቀበሉኝ። መሣሪያ ሳጥኗ ጋ ሄደው መፍቻ አነሱና ካሶኒው ላይ ወጡ፣ በጫማ። ጫማቸውን ሳያራግፉ። ብሎን ከብሎን እየፈቱ ክዳኑን አወረዱ። የኒኬሉ ቅስት አልላላ ሲላቸው በእግራቸው መቱት፤ የመኪናውን ቀለም ልጦ ወጣ፤ አዩትና ቅስቱን ጥግ ላይ ወረወሩት። እኔ ደግሞ ዘመን ሙሉ ስጠብቀው የነበረውን ሹፈት ትቼ ኮታቸው እንዳይጨማደድ ክንዴ ላይ አጥፌ ያዝኩ።

የሶፋው እንጨት እንደገባ ዝናቡ ጀመረ። ከየት እንደመጣ እንጃ፤ ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ ነበር። እንጨቱን በመኪናው ልብስና በምንጣፉ ሸፈንነው። የወተት ቀለም ያላቸው ትራሶች ግን ቀሩ፤ የመኪናው ልብስ ጨርቅ ነው፣ ውሃ ያስገባል፣ ጋቢናው ደግሞ ለሁሉም አይበቃም። እህቴ አንዱን ትራስ እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ ውስጥ ሮጠች። ሰዓቱ እየሄደ ነው።

ክቡርነታቸው የጋቢናውን በር ከፈቱ። ፎጣውን ወረወሩ። ጨርቁን ገፈፉ። ቆዳውን አወለቁ። ከታች ላስቲኩ ያበራል፣ ከፋብሪካ እንደወጣ፣ አንድ ጭረት የለበትም። አንድ እጃቸውን ጫኑበት። ከዚያ ከጠርዙ ይዘው ሳቡት።

ያንን ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ቤተሰባችን ውስጥ ማንም ሰምቶት አያውቅም። እህቴ በሩ ላይ ቆማ አፏን ያዘች። ለካ የወንበር ላስቲክ እንደ ከረጢት ነው፤ ትራሱ ውስጡ ሲገባ በልኩ የተሰፋ ይመስላል። አንድ በአንድ አወለቁ፣ አንድ በአንድ ትራስ አለበሱ። እሷ አፉን ታጥፋለች፣ እሳቸው በፕላስተር ያሽጋሉ። እንደዚያ ተግባብተው ሲሠሩ አይቻቸው አላውቅም።

መንገዱ ከአስፋልቱ ሲገነጠል ኮረኮንች ሆነ፣ ከኮረኮንቹ በኋላ ጭቃ። ዝናቡ ፊታችንን ሲጋርደው ፓውዛው ገና በጠዋቱ ሥራ አገኘ። ዳገቱ መሃል ላይ ፒካፑ ቆም አለ። ወደ ኋላ አልተንሸራተተም። ጎማው ጭቃውን እየተፋ፣ ሞተሩ እያጉረመረመ ወጣ። ክቡርነታቸው ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ «ይኸው፣ ለመኪናም የለውም» አሉ። እህቴ በመስኮት ወደ ውጭ ዞረች፤ እየሳቀች እንደሆነ ከትከሻዋ አወቅኩ።

የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት በር ላይ ሰዓታቸውን እያዩ ጠበቁን። ትራሶቹን አዩ፣ ነካኩ፣ ጠርዙን ፈልቅቀው ጨርቁን ዳሰሱ። ደረቅ ነው። ፊታቸው በራ። «እንዲህ አሽጎ የሚያመጣ ሠሪ አይቼ አላውቅም» አሉ። የየክፍሉ ወንበር ለእህቴ ሆነ፣ እዚያው ቆመን። ክቡርነታቸው ላስቲካቸውን ሊወስዱ ጎንበስ ሲሉ ግን ሰውየው እጃቸውን ቀልበው ያዙት።

«ተወው ወንድሜ። አይቀደድ። እንዲሁ ይቀመጥ።»

ሁለቱ ተያዩ። ዘመድ ዘመዱን ያውቃል ይባላል፤ ያን ቀን በዓይኔ አየሁት። እህቴ ባሏን ታያለች። ክቡርነታቸው ቀና አሉና «ልክ ነዎት፣ ይቆይ» አሉ። ዛሬም ብትሄዱ እንግዶቹ ላስቲኩ ላይ ነው የሚቀመጡት፤ አንዱ ትራስ ላይ «ሕፃን በፊት ወንበር አታስቀምጡ» የሚል ማስጠንቀቂያ ይነበባል።

በሚቀጥለው ሳምንት ወርክሾፑ ሄድኩ። ክዳኑና ቅስቱ ጥግ ላይ አቧራ ለብሰዋል፣ ካሶኒው በወንበር እግር ተጫጭሯል። ክቡርነታቸው «ና ላድርስህ» አሉኝ። በሩን ስከፍት ወንበሮቹ አዲስ ልብስ ለብሰዋል፣ የወተት ቀለም፣ ስፌቱ የእህቴ፣ ክሩ ግራጫ። ከላዩ ፎጣ የለም፣ ጨርቅ የለም፣ ላስቲክ የለም።

«ምነው ሳይሸፍኑት?» አልኳቸው፣ ለማሾፍ።

«እሷ የሰፋችው እንዳይታይ?» አሉኝ፣ የገረማቸው እኔ እንደሆንኩ እያሳወቁ።

አንቱታው እንዳለ ይቆያል፤ ምክንያቱን ብቻ ቀይሬዋለሁ። «ወንድምዓለም፣ ጫ...» ብለው ሳይጨርሱ ጫማዬን አውልቄ፣ በእጄ ይዤ፣ ቀስ ብዬ ተቀመጥኩ።