በከካ ሄደ ወይስ ቀረ?

ወሬ ሲጓዝ ይጨምራል፤ ፊልም ሲጓዝ ይቀንሳል። ይህን የተማርሁት ነቀምቴ ነው። ወሬ ከአዲስ አበባ በማለዳው አውቶቡስ ሲሳፈር የአንድ ሰው ጉንፋን ከነበረ፣ አምቦ ላይ የሳንባ ምች፣ ባኮ ላይ ጣር ይሆንና እኛ ዘንድ ሲደርስ ሰልስቱ ወጥቶለት እናገኘዋለን። ፊልም ግን ተቃራኒው ነው። መርካቶ ላይ ደህና የነበረው ፊልም ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ፣ አንዱ መሳሳሙን ሲቆርጥለት፣ ሌላው መጨረሻው ላይ የዘመዱን ድግስ ሲቀዳበት፣ ነቀምቴ የሚገባው ቆስሎ እንደተመለሰ ዘማች አንድ ነገሩ ጎድሎ ነው። እኛም ያንኑ ቁራጭ አይተን «ፊልም አየን» እንላለን። እናንተስ ብትሆኑ ምን ልትሉ ኖሯል?

ዘመኑ ጓድ የምንባባልበት ዘመን ነው፤ ቪዲዮ ደግሞ ገና ብርቅ ነበር። የማወራችሁ ፊልም ጀግናው የሚበር ሰው ነው። ሰውየው ተራ ፖስታ አዳይ ነበር፤ አንድ ቀን መብረቅ መታውና እንደማንኛውም ሰው በመሞት ፈንታ መብረር ጀመረ። አረንጓዴ ካባ ደርቦ ባቡር ያቆማል፣ ድልድይ ይደግፋል፣ ሌባ በማጅራቱ አንጠልጥሎ ፖሊስ ጣቢያ ያደርሳል። የፊልሙን ርዕስ የሚያውቅ አልነበረም፤ ከካሴቱ ላይ ከተላጠ ቆይቷል። የነቀምቴ ሰው መብረቅን በኦሮምኛ በከካ ስለሚለው ፈረንጁንም «በከካ» ብሎ ስም አወጣለት። ስሙ በልኩ እንደተሰፋ ኮት ገጠመው።

በከካ የሚወዳት ልጅ አለችው። ሰውነቱ ውስጥ የቀረው መብረቅ ግን እያደር እየበረታ ሄዶ አጠገቡ የቆመውን ሁሉ ማቃጠል ይጀምራል። መጨረሻው ላይ እሱና ልጅቷ አንድ ሕንፃ ጣራ ላይ ይገናኛሉ። ይሂድ ወይስ ይቅር? ጥያቄው ይኸው ነው። መልሱ ደግሞ ፊልሙን ባያችሁበት ቤት ይወሰናል።

ጨለለቂ ሠፈር የሸቀጥ ሱቅ ያለው ጉራጌው ነጋዴ ነስሩ፣ ከሱቁ ጓሮ ባለችው ክፍል ቪዲዮ ያሳይ ነበር። የእሱ ካሴት አጭሩ ነው። በከካና ልጅቷ ጣራው ላይ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ ፈገግ ይላሉ፤ ድንገት ሥዕሉ ይንቀጠቀጥና የማናውቃቸው ሰዎች ሠርግ ይመጣል፤ ሙሽራ፣ ሚዜ፣ ጭፈራ። ካሴቱ ላይ ሰው ደርቦ እንደቀዳበት ሁላችንም እናውቃለን። ቢሆንም «ተጋቡ ማለት ነው» ብለን ደስ ብሎን እንወጣለን። ነስሩ አስተርጓሚም ነበር። እንግሊዝኛው ጥቂት ስለሆነ በከካ የቱንም ያህል ረጅም ንግግር ቢያደርግ «እወድሻለሁ፣ ግን ሥራ አለብኝ አላት» ብሎ ያሳጥረዋል። የቀበሌው ካድሬ መሳሳም ለወጣቱ ንቃት አይበጅም ስላለ፣ መሳሳሙ ሲደርስ ነስሩ ሮጦ ባርኔጣውን ቴሌቪዥኑ ላይ ይደፋበታል። ባርኔጣው ሲነሣ ሁለቱ ተለያይተው ቆመዋል። እኛ ለመሳሳም ያጨበጨብነው ሁሉ ለነስሩ ባርኔጣ ነው።

ረጅሙ ካሴት ያለው አውቶቡስ ተራ ፊት ለፊት ቡና ቤት የከፈተችው አዴ አስካለ ዘንድ ነው። መርከበኛ ወንድሟ ከውጭ ያመጣላት ነውና አልተቆራረጠም። በዚያኛው በከካ እጇን ሲይዛት የልጅቷ እጅጌ ይጨሳል፤ እሱም ደንግጦ ይለቃታል፤ ከዚያ ወደ ባሕሩ በርሮ ይጠፋል።

ከተማው ለሁለት ተከፈለ። «ሄዷል» የሚለው ወገን አስካለ ቤት ይጠጣል፣ «ቀርቷል» የሚለው ከነስሩ ይሸምታል። ሰው በሌላ ጉዳይ ወገን መለየት በማይደፍርበት ዘመን በበከካ መከራከር ምንኛ እፎይታ ነበር! ገበያ ላይ «አካም ጅርቱ»፣ እንዴት ናችሁ፣ ከተባለ በኋላ ሁለተኛው ጥያቄ ስለ እሱ ነበር።

ቶሎሳና ለሊሴ የመጡት እዚህ ላይ ነው። ቶሎሳ አብሮኝ የሚያስተምር ወዳጄ ነው፤ እኔ ጂኦግራፊ፣ እሱ ሒሳብ። ለሊሴ የሆስፒታል ነርስ ናት፤ ቀለበት አስረው የሠርጉን ወር ይመርጡ ነበር። እሷ ፊልሙን ነስሩ ቤት፣ እሱ አስካለ ቤት አይተውታል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስታችንም ነስሩ ቤት ሄድን። ፊልሙ አልቆ ሠርገኞቹ መጨፈር ሲጀምሩ ለሊሴ አጨበጨበች። ቶሎሳ ተነሥቶ ቆመ።

«ውሸት ነው! ይሄዳል። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«አስካለ ቤት ይሂዳ» አለች ለሊሴ እየሳቀች። «እዚህ ቀርቷል።»

«መሄድ አለበት እኮ ነው የምልሽ! ዕድል በየቀኑ አይመጣም። የሄደ ሁሉ ከዳ ማለት ነው? ሰው ሄዶ አይመለስም? ደግሞስ አምስት ዓመት ምን አላት?»

ፊልሙ ውስጥ አምስት ዓመት የሚባል ነገር የለም።

ለሊሴ ሳቋን አቆመች። «ቶሎሳ፣ አምስት ዓመት የት ልትሄድ ነው?»

ሠርገኞቹ ከኋላው ይጨፍራሉ። «ቡልጋሪያ» አለ ቶሎሳ፣ የቤት ሥራውን አለመሥራቱን ለመምህሩ እንደሚያምን ተማሪ አንገቱን ደፍቶ። «ነፃ የትምህርት ዕድል ደርሶኝ... እነግርሻለሁ እያልኩ...»

«ሻይ ላምጣ?» አለ ነስሩ። ደግ ሰው ነው፤ ጨንቆት ነው።

ለሊሴ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ቶሎሳ ተከትሏት ሮጠ፤ በር ላይ አልቆመችለትም።

የለሊሴ አባት ኦቦ ዲንሳ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተርና የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው። ቪዲዮ ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። ወሬው ግን እንደ ልማዱ እየጨመረ ሄዶ ቤታቸው ሲደርስ «ልጅዎ በአንድ ፈረንጅ ምክንያት ከእጮኛዋ ተጣላች» ሆኗል። በማግስቱ ወደ እኔ መጡ።

«መምህር፣ ይሄ በከካ የሚሉት ፈረንጅ ማነው? ከልጄ ምን ፈልጎ ነው?»

እንዳልስቅ ምላሴን ነክሼ አስረዳኋቸው። ሰምተው ሲጨርሱ አልሳቁም። «ሁለቱንም አሳዩኝ» አሉ። «ልጆቹም ይኑሩ። የሚያጣላቸውን ሳላይ አላስታርቅም።»

እንዲህ ሆኖ በቀጣዩ እሑድ ከቸርች መልስ የአስካለ ካሴት በክብር ነስሩ ቤት ተወሰደ። ካድሬው «የኪነት ሂስ ከሆነ ይፈቀዳል» ብሎ ራሱም ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ኦቦ ዲንሳ መነጽራቸውን ወለወሉ። ለሊሴ ከአባቷ በስተቀኝ፣ ቶሎሳ እኔ አጠገብ። አጭሩ ታየ፤ ከዚያ ረጅሙ። ጎን ለጎን ሲታዩ እንደ መንታ ወንድማማቾች ናቸው፤ አንዱ ጠግቦ ያደገ፣ አንዱ ጦሙን። አጭሩ ላይ ካባው ከመገልበጥ ብዛት ሰማያዊ ሆኗል። አጭሩ ላይ በከካ ባቡሩን በአንድ እጁ ያቆመዋል፤ ረጅሙ ላይ መጀመሪያ ይሞክርና ባቡሩ ጎትቶ ይጥለዋል፣ ጉልበቱ ተልጦ እያነከሰ ይነሣል። ኦቦ ዲንሳ እዚህ ላይ «አሁን ሰው መሰለ» አሉ። ምስኪን ነስሩ የረጅሙን መሳሳሞች ቦታ ስለማያውቅ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ፊት እንዳይዋረድ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ፊልሙ እስኪያልቅ ቆመ።

ጣራው ላይ ደረስን። እጅጌዋ ጨሰ። ለቀቃት። በረረ። ባሕሩ ብቻ ቀረ። ቶሎሳ ፊልሙን አያይም፤ ለሊሴን ነው የሚያየው።

«ልጅቷስ?» አሉ ኦቦ ዲንሳ።

ወደ ነስሩ ዞሩ።

«ሰውየው ይሂድ፤ ችሎታ አለው። ልጅቷን የት ጣሏት? እጇ ተቃጥሏል እኮ! ማን አከማት?»

«ፊልሙ አልቋል፣ ኦቦ» አለ ነስሩ።

«በአጭሩም የለችም? በረጅሙም የለችም?»

«በሁለቱም የለችም።»

እኔ ደንግጬ ዙሪያዬን አየሁ። ከተማ ሙሉ ሰው ስለ በከካ ስንሟገት ከርመን ይህችን ልጅ አንድም ሰው አልጠየቀላትም።

«አባባ» አለች ለሊሴ በዝግታ፣ «ልጅቷ ከጣራው ወርዳ እጇን አሽጋ ሥራዋ ገብታለች።» ከዚያ ወደ ቶሎሳ ዞረች። «ሂድ። ተናድጄ አይደለም የምልህ፤ ዕድሉ ያንተ ነው፣ ሠርተህበታል። የከፋኝ መሄድህ አይደለም። እኔ መስማት ያለብኝን ከነስሩ ደንበኞች እኩል መስማቴ ነው። ሠርጉን እንተወው። ስትመለስ፣ ያኔ ማን እንደሆንን አይተን እንነጋገራለን።»

የቶሎሳ እንባ ወረደ። ኦቦ ዲንሳ ሊያስታርቁ የመጡትን ረስተው የልጃቸውን እጅ ያዙ።

ሄደ። ሻንጣ ገዝቶ፣ ወፍራም ካፖርት አሰፍቶ፣ ግማሹ መምህር ሸኝቶት ሄደ። አዲስ አበባ ሲደርስ ግን ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ለማን እንደተሰጠ በዚያ ዘመን አይጠየቅም፤ «ይቅናው» ተብሎ ይመለሳል። ወር ሳይሞላው ያንኑ ካፖርት በነቀምቴ ፀሐይ ለብሶ ከአውቶቡስ ወረደ።

ለሊሴን ያገኛት እዚያው አውቶቡስ ተራ ነው፤ እሷ ልትሳፈር ስትል። ሆስፒታሉ አዋላጅነት እንድትማር መርጧት ወደ አዲስ አበባ መሄዷ ነበር። ሁለቱ ሻንጣዎች መሬት ላይ ተጎራብተው ተቀመጡ። እኔ እሷን ልሸኝ መጥቼ ነበርና ማንን እንደምስም ግራ ገባኝ።

«ለስንት ጊዜ ነው?» አላት።

«ሁለት ዓመት ግድም።» ካፖርቱን አየችው። «በረደህ?»

«አሁን በረደኝ» አላት።

ሳቀችና ተሳፈረች። ከዚያ በኋላ ያየሁት ቶሎሳ ሌላ ሰው ነው። «መሄድ መክዳት አይደለም» ያለው አፍ አሁን ቀሪ መሆን ምን እንደሚመስል ተማረ። በየእሑዱ ኦቦ ዲንሳ ዘንድ እየሄደ አጥር ያጥራል፣ ቆርቆሮ ይመታል፣ ለቸርች ወንበር ይሸከማል። «ደብሮህ አያውቅም?» ብዬ ስጠይቀው «መጥፎውስ እሱ ነው» አለኝ፤ «ቅጣቴ ነው ብዬ ጀመርኩት፤ ደስ አለኝ።»

ለሊሴ ተመርቃ መጣች። ምድቧ ጊዳ አያና ጤና ጣቢያ ሆነ። ተነጋገሩ፤ ምን እንደተነጋገሩ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ብቻ ቶሎሳ እንደገና ሽማግሌ ላከ፤ እኔና ነስሩ ከሽማግሌዎቹ መካከል ነበርን። ኦቦ ዲንሳ ደህና አድርገው አስቀመጡን፣ ደህና አድርገው ዝም አሉን። በመጨረሻ ጠየቁ፦

«ልጄ አያና ተመድባለች። ልጃችሁ የት ሊኖር ነው?»

እኛ ሽማግሌዎቹ ገና ጉሮሯችንን ስንጠርግ፣ በደንቡ ሠፈሩ መድረስ የማይገባው ሙሽራ፣ ቶሎሳ ራሱ፣ ከአጥር ውጭ ጮኸ።

«አያና!»

ከጥቂት ወራት በኋላ ዝውውሩን አግኝቶ ሄደ። እኔ ልጠይቃቸው የቻልሁት ቆይቼ ነው። የኡኬን ከተማ አልፈን፣ አቧራ ጠጥተን አያና ስንደርስ «የመምህር ቶሎሳ ቤት የት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። የሚያውቀው የለም። በአማርኛ ጠየቅሁ፣ በኦሮምኛ ጠየቅሁ፤ ሒሳብ ያስተምራል ብዬ መልኩን ሁሉ ገለጽሁ። አንዲት የጎጃም አነጋገር ያላቸው ባልቴት ብቻ አዘኑልኝ።

«የአዋላጇን ባል ነው እንዴ የምትል? አትነግረኝም!» ብለው እጄን ይዘው እስከ በሩ አደረሱኝ።

ቤቱ ውስጥ እየተሳሳቅን ገና ጨዋታው ሳይሞቅ በሩ ተንኳኳ። አንድ ሰውዬ ላብ አጥምቆት ቆሟል፤ ሚስቱ ምጥ ይዟታል። ለሊሴ ቦርሳዋን አነሣች፣ «አንተ ተጫወት፣ ቤትህ ነው» አለችኝና ወጣች።

«መቼ ትመለሳለች?» አልሁት።

«እሱን ሕፃኑ ነው የሚያውቀው» አለኝ ቶሎሳ፤ ለወጥ ሊከትፍ የጀመረውን ሽንኩርት ወደ እኔ ገፋ አደረገና ሁለተኛ ቢላ አቀበለኝ።