ተዝካሩ የተበላው ቱሪስት

«መምህር፣ እኛ እኮ የኒህን ሰውዬ ተዝካር በልተናል። አሁን በምን አፋችን ነው ‹ሄደው ይመለሳሉ› ብለን የምንጽፍላቸው?» አለኝ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር።

ተዝካራቸው የተበላው ሰውዬ፣ አያ ቢምረው፣ አጠገቤ ተቀምጠው በጭራቸው ዝንብ ይከላከላሉ።

እናንተ ዛሬ ቪዛ ሲባል የምታስቡት መግቢያውን ነው። በዚያ በደርግ ዘመን ግን የሰው አገር «ግባ» ከማለቱ በፊት የራስህ አገር «ውጣ» ማለት ነበረበት። የራስህ አገር ደግሞ «ውጣ» የሚለው ለሚመለስ ሰው ብቻ ነው። መመለስህን በምን ታስረዳለህ? በሚስት፣ በልጅ፣ በበሬ፣ በሥራ ወንበር፤ ባጭሩ ትተኸው ስትሄድ ሆድህን በሚበላህ ነገር ሁሉ። መንግሥት ልብህን አያምንም። በሬህን ግን ያምናል።

አያ ቢምረውም በሬ ነበራቸው። ያውም የፎገራ በሬ።

አንድ ልጃቸው ሙሉቀን እርሻ እንዲማር ከፎገራዋ ከተማ ከወረታ ተመርጦ ወደ አንድ ሶሻሊስት አገር ተላከ። ትምህርቱን ሲጨርስ ጓደኞቹ ተመለሱ፤ እሱ ወደ ምዕራብ ጀርመን ተሻገረ። ከዚያ ወዲያ ስሙ በወረታ ጮክ ተብሎ አልተጠራም። እናቱ ሞተች። አያ ቢምረውም ተቀምጠው አሰቡና፣ «እኔ ብሞት ማን ያስታውሰኛል?» ብለው የቁም ተዝካራቸውን ደገሱ። በሬዎቹ ታረዱ። ላሚቱ ለደብሩ ተሰጠች። ቤቱን ለእህታቸው ልጅ ተናዘዙ። ካህናቱ «ነፍሳቸውን ይማርልን» ሲሉ ባለነፍሱ «አሜን» እያሉ ጠላ ይቀዱ ነበር። ይህን የመሰለውን ድግስ በየስብሰባው «ኋላ ቀር» እያለ የሚያወግዘው ሊቀ መንበርም ደጋግሞ አስቀድቷል። እኔም በልቻለሁ። ወጡ ጥሩ ነበር።

የልጁ ደብዳቤ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መጥተው ይጎብኙኝ፣ የልጅ ልጅዎን ይዩ ይላል። መጨረሻው ላይ ደግሞ «እርስዎ መምጣት ካልቻሉ እኔው እመጣለሁ፤ የመጣው ይምጣ» ብሏል። ውጭ ቀርቶ የተመለሰ ሰው በዚያ ዘመን ከአውሮፕላን ወርዶ ወዴት እንደሚወሰድ እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኔም አውቃለሁ፤ አያ ቢምረውም ያውቁ ነበር። ስለዚህ መሄድ የነበረባቸው እሳቸው ናቸው። ከፎገራ ተነሥቶ ጀርመንን የሚጎበኝ ቱሪስት አስቡት። ጋቢው ታጥቦ፣ ጭራው በእጅ።

ሊቀ መንበሩ በመጨረሻ የድጋፍ ደብዳቤውን ጻፈ። ጠባያቸው መልካም መሆኑን፣ ከማንም አለመጣላታቸውን፣ ከልማት ሥራ አለመቅረታቸውን ዘረዘረ። ስለ መመለስ ግን አንድም ቃል አልነበረውም። ሐቀኛ ሰው ነው፤ ምን ይደረግ።

አዲስ አበባ አብሬያቸው ሄድሁ። አውቶቡስ ውስጥ መንገዱን ሁሉ የምለማመጣቸው «በሬ አለኝ ይበሉ» እያልሁ ነው። አባይን እስክንሻገር ጭራቸውን እያወዛወዙ ሰሙኝ። ከተሻገርን በኋላ ኃጢአታቸውን ሁሉ ተናዝዘው ማራገፋቸውን፣ አሁን ቢዋሹ ለዚህች ለአዲሲቱ ኃጢአት ሁለተኛ ተዝካር የሚያወጡበት በሬ እንደሌላቸው አስረዱኝ። ክርክሩ እዚያው ላይ አለቀ።

የመውጫ ቪዛ ቢሮው ውስጥ የተቀበለን ወጣት ትሑት ነበር። ክፉ ቢሆን ዛሬ ለመተረክ ይቀለኝ ነበር። ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው፣ የመንገዱን ድካም ጠየቃቸው፣ ከዚያም ብዕሩን አነሣ።

«አባባ፣ አገር ቤት ምን ትተው ነው የሚሄዱት?»

«ምንም። ተዝካሬ ወጥቷል።»

ብዕሩ ቆመ። ወጣቱ እኔን አየኝ። እኔ መስኮቱን አየሁ።

«ታዲያ ምን ይመልስዎታል?»

አያ ቢምረው የጠያቂውን አለማወቅ በትዕግሥት ተመለከቱ። «ልጄ፣ ተዝካሬ የተበላው ፎገራ ነው። እዚያ አብልቼ ሌላ አገር እንዴት እሞታለሁ? የበሉት ሰዎች ምን ይሉኛል?»

ከዚህ የበለጠ ዋስትና ሰምቼ አላውቅም። የፎገራ ሰው ሁሉ ይህን ቢሰማ ማኅተሙን ይመታ ነበር። ወጣቱ ግን ያደገው ከተማ ነው፤ የሰማው በሬ የሌለውን፣ ላም የሌለውን፣ ቤቱን ያወረሰውን፣ ልጁ የከዳውን ሰው ነው። በእሱ ቦታ ብሆን እኔስ ምን እሰማ ነበር? ወረቀቱን ቀስ አድርጎ መለሰልን። ለጊዜው አልተፈቀደም አለ። ሲነሡ ክንዳቸውን ይዞ ደገፋቸው።

ወረታ የደረስነው የክረምቱ ውሃ ከሜዳው በሸሸበት ሰሞን ነው። ሰው ሁሉ በእርጥቡ መሬት ላይ ሽምብራ ይዘራል። ቤታቸው ደጃፍ፣ መደቡ ላይ ተቀመጥንና የልጁን ደብዳቤ እንደገና እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። «የመጣው ይምጣ» የሚለው ላይ ስደርስ በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ይመጣ ይሆን? ከልቡ ነው?»

«ከልቡ ይመስላል፣ አያ ቢምረው።»

ከሜዳው በሬ የሚነዳ ሰው ድምፅ ይሰማል። ጭራቸውን መደቡ ላይ አኖሩት።

«እንግዲያው አባትህ ሞተ ብለህ ጻፍለት።»

ደነገጥሁ። ይህ ሊሆን እንደማይችል፣ እንዲህ ያለ ነገር በእኔ እጅ እንደማይጻፍ ብዙ አወራሁ። እሳቸው አንድ በአንድ ሰምተው ጨረሱ።

«ተዝካሬን በልታችኋል። ከሞት ምን የጎደለው ነገር አለ?»

«ያለቅሳል እኮ።»

«ያልቅስ። እዚያው ሆኖ ያልቅስ።»

ብዕሬን እስካወጣ ጠበቁኝ። ከዚያ ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ ወደ ውስጥ ገቡ። በጠራራ ፀሐይ በሩን ዘጉት።