ከፋንታዬ በፊት የሚያልቅ ስኳር

ተራ ጥሩ ነው ይላሉ። ለደረሰው ነዋ! ያልደረሰውን እስቲ ጠይቁት።

ነገሩን ያስነሳችብኝ ልጄ ሰላም ናት። ሰላም ፕሮግራመር ናት። ባለፈው እሁድ የእድራችንን አባላት ስም ኮምፒውተሯ ላይ አስገባችና «አባዬ፣ ና ተመልከት» አለችኝ። አንዲት መስመር ጻፈች። በስም ደርድር፣ ስማቸው አንድ የሆኑትን ደግሞ በአባት ስም ደርድር፤ በቃ ይኸው ነው። ያ ሁሉ ሰው ጸጥ ብሎ ተሰለፈ። የተገፋ የለም፣ «እኔ ነኝ ቀድሜ የመጣሁት!» ያለ የለም። ሳቄ መጣ። ይህን ሥራ እኮ እኔ በደርግ ጊዜ በጉሮሮዬ ሠርቼዋለሁ!

ያኔ ሆሳዕና ውስጥ ወጣት አስተማሪ ነበርኩ። ድምፄ ወፍራም ስለሆነ ቀበሌው የስኳር ስም ጠሪ አደረገኝ። ስኳር በወር አንዴ ቀበሌ ሱቅ ይመጣል፤ መጥቶም ለሁሉም አይበቃም። ሊቀመንበራችን ጓድ ሀብታሙ ግፊያው ሰለቸውና መላ አመጣ። ስም በፊደል ተራ ይጠራ፣ ከሀ ይጀመር አለ። የማን ስም በሀ እንደሚጀምር ልብ በሉልኝማ።

እስከ በ፣ እስከ ተ ድረስ ሰላም ነው። አ ላይ ስንደርስ ግን አገሩ ሁሉ አ ነው! አበበ፣ አየለች፣ አስቴር፣ ኤርሚያስ... ስኳሩ እዚያው ድርግም ይላል። እኔ ዘለቀ ነኝ። የሰው ስም ስጠራ ውዬ ባዶ ከረጢቴን ይዤ ቤቴ እገባለሁ። ለእኔስ ግድ የለም፣ ደመወዝተኛ ነኝ፣ ሻዬን መራራውን እጠጣለሁ። እትዬ ፋንታዬስ?

እትዬ ፋንታዬ ባሏ ሞቶባት መናኸሪያው ጥግ ሻይ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ሌላ ገቢ የላትም። ፈ ላይ ከመድረሳችን በፊት ጆንያው ይራገፋል። ደንበኞቿ ከረሜላ ጉንጫቸው ውስጥ ይዘው ሻይዋን ፉት ማለት ጀመሩ፤ ከረሜላው ሲጠፋ እነሱም ጠፉ። አንድ ቀን መንገድ ላይ አገኘችኝና «መምህር፣ አባቴ ሌላ ስም አጥቶ ነው?» አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁ። እስቲ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ይጠራ አልኩ። ሕዝቡ አጨበጨበ፣ ተወሰነ። በዚያ ወር አንደኛ ተጠሪ እትዬ ፋንታዬ! ስኳሯን ታቅፋ ስትሄድ ብታዩዋት! ጓድ ሀብታሙ ግን ባዶ እጁን ገባ። በሚቀጥለው ስብሰባ ሰፊው ሕዝብ ቅሬታ አቅርቧል አለን። ሰፊው ሕዝብ ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ባለቤቱ ናት።

ስለዚህ አዲስ ሕግ ወጣ። በዕድሜ ይሁን፣ ትልቅ ይቅደም፤ እኩዮች በፊደል ይለዩ። ክፋት አለው? የለውም። ግን የልደቱን ዘመን ማን ጽፎ አስቀመጠ? ሁሉም ሰው የሚያውቀው ዘመን አንድ ነው፣ ጣሊያን የገባበት። አንዷ «ጣሊያን ሲገባ ነው የተወለድኩት» አለች፤ የቀሩት ተከተሏት። ዕድሜዋን ስትቀንስ የኖረች ሴት ሁሉ በአንድ ጠዋት አረጀች። አምና የተዳረች ልጅ እንኳ «ጣሊያን ሲገባ» አለችኝ። እናትሽስ ብላት፣ «እሷም ያኔውኑ» ብላኝ እርፍ!

ሁሉም እኩያ ከሆነ እንግዲህ ምን ይለየው? ፊደል! ዞረን ዞረን ሀ ላይ ገባን። በእውነት ጣሊያን ሲገባ ሆመቾ የተወለደችው እትዬ ፋንታዬ፣ እውነቷን ተናግራ መጨረሻ ቀረች። ጆንያው ሲራገፍ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

እሷ ግን ሞኝ አይደለችም። በማግስቱ መናኸሪያው ጥግ ቆማ «ስኳር ያለው ስኳሩን ይዞ ይምጣ፤ እሳትና ሻይ ከእኔ!» አለች። የሀ ሰዎች፣ የበ ሰዎች ስኳራቸውን በወረቀት ጠቅልለው መምጣት ጀመሩ። ይሉኝታ ደግሞ የማያደርገው የለም። ጎረቤት መራራ እየጠጣ አጠገቡ ማጣፈጥ ማን ይችለዋል? አንድ አንድ ማንኪያ ላልደረሰው ሰው እንዲሆን ይተዉላት ጀመር። ጓድ ሀብታሙ ራሱ ሳይቀር! ስኳር የማይደርሰን እነ ዘለቀ ጣፋጭ ሻይ የምናገኘው፣ ስኳር ደርሷት ከማያውቅ ሴት ዘንድ ሆነ።

ወደ ሰላም ኮምፒውተር ልመልሳችሁ። የእድሩን ስም ወደ ታች ብወርድ፣ ዛሬም መጨረሻ ላይ ማን ብትኖር ጥሩ ነው? ፋንታዬ! የድሮው ንዴቴ ተነሳብኝ። እትዬ ፋንታዬ ራሷ ጋቢዋን ተከናንባ አጠገባችን ተቀምጣለች፤ ብታረጅም ጆሮዋ እንደ ድሮው ነው።

«ልጄ፣ በይ እስቲ ገልብጪውና እሷን አንደኛ አድርጊልኝ» አልኳት ሰላምን። ቀላል ነው አለችኝ፤ አንድ ቃል መጨመር ብቻ ነው። ጣቷን ልታሳርፍ ስትል እትዬ ፋንታዬ በምርኩዟ ወለሉን መታች።

«ተይ አንቺ ልጅ! ይኼ እኮ የስኳር አይደለም፣ የእድር ነው! ሀብታሙ እዚህም ቀድሞኝ ሄዷል፤ እኔ ተራዬን እጠብቃለሁ።»