የሉፔ ሙቀጫና የእኔ በረኪና

ከቆሻሻ ሴት ይልቅ ንጹሕ ሴት ጎረቤት ታስቸግራለች። ቆሻሻዋ ቢበዛ የራሷን ቤት ታበላሻለች፤ ንጹሕ ነኝ ባይዋ ግን የሰው ዕቃ ካልነካች እንቅልፍ አይወስዳትም። አታምኑኝም? ይኸው፣ ምስክሯ እኔ ራሴ።

ቅዳሜ ዕለት ብሌንደሬ ተቃጠለ። በማግስቱ ደግሞ የንስሐ አባታችን ለምሳ ሊመጡ ነው፤ ያለ ዳጣ እህል አይወርድላቸውም። እዚሁ ሪችፊልድ ከተማ፣ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ የምትኖረው ሜክሲኳዊቷ ሉፔ ቃሪያ የምትደቁስበትን የድንጋይ ሙቀጫ አዋሰችኝ። ጥቁር፣ ባለ ሦስት እግር፣ እንደ ሕፃን ልጅ የሚከብድ ነገር ነው። «ከእናቴ የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው» አለችኝ። አቅፌው ወረድኩ።

የባሌ እኅት ጽጌ ከኒው ሆፕ መጥታ ወጥ ቤት ተቀምጣለች። ጽጌ ሥራ አትነካም፤ ትጠረጥራለች። ሙቀጫውን አሸተተች።

«ድንጋይ እኮ ይጠጣል፣ አንቺ ሞኝ። ይሄ ስንት ዓመት የአሳማ ስብ ጠጥቶ ይሆን?»

«ቲማቲምና ቃሪያ ብቻ ነው ያለችው።»

«ታዲያ አሳማውን ትንገርሽ? ለአባ ልታቀርቢላቸው ነው?»

አለቀልኝ። እኔ ለወትሮውም ሙዝ በሳሙና የማጥብ ሴት ነኝ። የፈላ ውኃ፣ የዕቃ ሳሙና፣ በረኪና... ፈተግኩት። ጥቁሩ ድንጋይ አመድ መሰለ። ጽጌ ከወንበሯ ሳትነሳ «እዚያ ጋ ቀረሽ» ትለኛለች።

እሁድ አባ በእንጀራ አጥቅሰው ጎረሱ። ከንፈራቸውን ጠርገው፣ «ልጄ፣ ምን ጨምረሽበታል?» አሉ። ጎንበስ ብዬ ባይ ዳጣው አረፋ ለብሷል። የአሳማ ስብ ይጠጣል ያልነው ድንጋይ፣ ሳሙናውን ለማን ይተውልን? ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይሄ ነው።

ሙቀጫውን አቅፌ፣ ጽጌን አስከትዬ ወደ ሉፔ ወጣሁ። ሉፔ ድንጋዩን በጣቷ ዳሰሰችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ምን አደረግሽው?»

«አጠብኩት።»

«እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በውኃ ብቻ ነው ያጠበችው። ያ ጥቁረት የእጇ ነበር።»

ጽጌ ደግሞ ክንዴን ነካ አድርጋ፣ በአማርኛ፣ «እስቲ ስለ አሳማው ጠይቂያት» ትለኛለች።

ሉፔ ሩዝና ጨው አምጥታ ፊታችን አስቀመጠች። «ዱቄቱ ሳሙና ሳሙና ማለቱን እስኪተው ፍጩ» አለች። ተራ በተራ ፈጨን። ሥራ የማትነካዋ ጽጌ ላቧ በአገጯ ሲወርድ በማየቴ፣ ይቅር ይበለኝ፣ ትንሽ ተጽናናሁ። በመጨረሻ ሉፔ ከዱቄቱ ቀመሰችና ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

«ሌላ ጊዜም አውስሻለሁ። በረኪናሽን ግን መያዣ አድርገሽ እኔ ጋ ታስቀምጫለሽ።»

«ጽጌንም ላስይዝሽ?» አልኳት።

ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣ «እሷን ውሰጂልኝ» አለች፣ «እኔ ቤት ልጆች አሉ።»