አምስት በመቶ ነፍስ

«የእኔን ሙስካዴል ወይን ከቅይጡ ካወጣችሁት፣ ነፍስ የተለየው ሬሳ በጠርሙስ እየሞላችሁ ሽጡ» አልኩና የጉባኤውን ጠረጴዛ መታሁ። በእርጋታ ነው የመታሁት፤ ታላላቅ ሰዎች ጠረጴዛ የሚመቱት በእርጋታ ነው።

«አርማን፣ ያንተ ወይን እኮ ከቅይጡ አምስት በመቶ ብቻ ነው» አለ የወይን ገበሬዎች ማኅበራችን ሊቀ መንበር ባስቲያን። «ይነቀልና ሶቪኞን የሚባለው የወይን ዘር ይተከልበት ነው የተባለው። አልሞትክም።»

«ነፍስ ከሰው ክብደት ስንት በመቶ ናት?»

ባስቲያን ሚዛን ስላልያዘ ወረቀቱን ገለበጠ።

አገራችን በሁለት ወንዞች መካከል ትገኛለች፤ ቀደምቶቻችን ግን «በሁለት ባሕሮች መካከል» ብለው ሰይመዋታል። እኔም ከአባቶቼ ልክ ሳላጎድል፣ አባቴ የተከለውን ሁለት ሄክታር የመላው ቦርዶ አውራጃ ምሰሶ እለዋለሁ። በየዓመቱ በመከር በዓል የማኅበሩን ነጭ ወይን ጠጅ ቀድሜ እቀምሳለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ «ይኸው፣ ሙስካዴሌ መጣች» ስል ሕዝቡ ያጨበጭባል። ምሳ የሚቀርበው ከንግግሬ በኋላ መሆኑ ከጭብጨባው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

«ፈትኑኝ» አልኩ። «አምና የታሸገው ይምጣ፤ ሙስካዴል ያልገባበትም ከበርሜል ይቀዳ። ካልለየሁ ወይኑን በገዛ እጄ እነቅለዋለሁ።»

የመጥመቂያው ኃላፊ ማይቴ ቀና አለች። «ሙሴ አርማን፣ ይቅርብዎት።»

«አምጪ ልጄ፤ እውነት አትፈራም።»

ሁለት ብርጭቆ አመጣች። አሸተትኩ፣ ቀመስኩ፣ ጨፈንኩ። የቀኙ ደረቅ፣ ባዶ፣ ወላጅ የሌለው ነው። በግራው ውስጥ ግን የአባቴ ማሳ በሰኔ ማለዳ ሲያብብ ታየኝ።

«ግራው» አልኩ። «ይኸው፣ መጣች።»

ማይቴ መሬት መሬት አየች። «ሁለቱም ውስጥ የለችም።»

«ምን አልሽ?»

«ቅይጡ ውስጥ መግባት ከተወች ስድስት ዓመቷ ነው። በረዶ በመታን ዓመት የእርስዎ ወይን ዘግይቶ ደረሰ፤ ቅይጡ አልቆ ነበር። ልነግርዎ ስል በበዓሉ ቀምሰው ‹መጣች› አሉ። ሳትገባ ከመጣች፣ ከዚያ ወዲያ ለምን አስገባታለሁ?»

«ታዲያ ወይኔ የት ነው የሚሄደው?»

በአገጯ ጥግ ላይ ወደተዘረጋው የምሳ ጠረጴዛ ጠቆመችኝ። የሠራተኞቹ ማንቆርቆሪያ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በቀረበልኝ ቁጥር በእጄ ጀርባ ገፋ አድርጌ «ይህ የጥማት መቁረጫ ነው» ስል የኖርኩበት ማንቆርቆሪያ።

በርሜል አጣቢው ጊዮም ከበሩ ገባ አለ። «ሊቀ መንበር፣ ያ ወይን ከተነቀለ እኛ ምን ልንጠጣ ነው? የምትሸጡትን እንዳትሉን ብቻ።»

ጉባኤው በዚህ ከባድ ነጥብ ላይ በጥልቀት ከመከረ በኋላ፣ ወይኑ እንዳይነቀል በሙሉ ድምፅ ወሰነ። የአባቴ ማሳ ዳነ። ነፍስን ያነሳ ሰው አልነበረም።

ማንቆርቆሪያው ዞረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ብርጭቆዬን ዘረጋሁ፤ እኔ ዘንድ ሲደርስ ባዶ ሆነ።

«እንግዲህ ልሂድ» አልኩ።

«አይቡን ወዲህ በል» አለ ባስቲያን፣ ለጊዮም።

ባርኔጣዬን አድርጌ ወጣሁ። በሩ ላይ ትንሽ ቆሜ ነበር።

በማግስቱ ቃለ ጉባኤው ደረሰኝ። «ሁሉም አባላት» ይላል የመጨረሻው መስመር፣ «እስከ ፍጻሜው አብረው ነበሩ።»