እትዬ ፈትሂያ ኦርኬስትራ ሲቀበሉ

ወሎ ውስጥ ተቀባይ የሌለበት ሰፈር ካለ፣ ሰው ያልሰፈረበት መሆን አለበት። መንዙማ አውጪው ስንኙን ጥሎ ትንፋሹን ሲሰበስብ፣ ከተሰበሰበው ሁሉ ቀድሞ ድምፁን የሚያነሳ ሰው አይጠፋም። ይህ ሰው መንዙማው ካበቃም በኋላ አያርፍም፤ የተነገረውን ሁሉ ይቀበላል።

የኮምቦልቻዋ ተቀባይ ክብርት እትዬ ፈትሂያ ናቸው። የሚሠሩበት የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ኃላፊ ሠራተኛውን ሰብስቦ «ዘንድሮ ምርታችንን እናሳድጋለን!» ሲል፣ ከኋላ «ኢንሻአላህ፣ ከደመወዛችን ጋር!» ያሉት እሳቸው ናቸው። ሚኒባስ ውስጥ የማያውቁት ጎረምሳ በስልክ «በቃ፣ ተለያይተናል!» ቢል፣ «ተው ልጄ፣ ኋላ ይቆጭሃል!» ብለው ይቀበሉታል። ዜና አንባቢው እንኳ «እንደምን አመሻችሁ» ካለ መልስ ሳያገኝ አያልፍም።

ስለዚህ የጎረቤታቸው የሱዓድ ልጅ ኩኩ፣ ከአዲስ አበባ ከሚመጣ ኦርኬስትራ ጋር ደሴ ላይ ቫዮሊን ልትጫወት ነው ሲባል፣ የእናቲቱ ደስታ ከጭንቀት ጋር መጣ። ሱዓድ ከስምንተኛ ክፍል ወጥታ ዕድሜዋን በዚያው ፋብሪካ ፈትል ክፍል የጨረሰች፣ ድካም የለመደች ሴት ናት። ለራሷ ብዙ አትመኝም። ያን ምሽት ግን ልጇ ባገሯ ሰው ፊት እንዳታፍርባት ፈለገች። ኩኩም በስልክ፣ «እማ፣ እየተጫወትን ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው፤ እትዬ ፈትሂያን አደራ!» ብላታለች።

ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት አብረው ሲወጡ አደራውን ነገረቻቸው።

«ወላሂ፣ ትንፍሽ አልልም!» አሉ።

አዳራሹ ግጥም ብሏል። የድሮዎቹ የጀርመንና የሩሲያ ሙዚቀኞች የደረሱት ዜማ ሲጀመር፣ እትዬ ፈትሂያ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቻሉ። አንደኛው ክፍል አልቆ ተጫዋቾቹ ትንፋሽ ሲወስዱ ግን አልቻሉም።

«ማሻአላህ! አብሽሩ ልጆቼ!»

ግማሹ አዳራሽ ተከትሏቸው አጨበጨበ። ሱዓድ ጭናቸውን ቆነጠጠች።

«ምን አጠፋሁ? ቆሙ እኮ!»

«ገና ነው እትዬ፣ ሊቀጥሉ ነው!»

«ተቀባይ ካልጠበቁ ታዲያ ለምን ቆሙ?»

አስተዋዋቂው ወጥቶ፣ ዜማው ጨርሶ ሳያልቅ ማንም እንዳያጨበጭብ በትሕትና ለመነ። ትሕትናው ከቁጣ ባሰ፤ ከዚያ ወዲያ የሚያስል እንኳ ጠፋ።

በመጨረሻ ኩኩ ብቻዋን ወደ ፊት ወጣች። ቫዮሊኗን አገጯ ሥር አስገብታ ዜማውን ከላይ እያወረደች፣ ከታች እያነሳች ስትሄድ፣ ያ ሁሉ ኦርኬስትራ ከኋላዋ ይከተላታል። የሱዓድ የጎበጠ ወገብ ሳታውቀው ተቃና። «የኔ ናት» ልትል አጠገቧ ወዳለው ሰው ዞረች፤ አደራው ትዝ አላትና ዋጠችው። ዜማው እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። መሪው እጁን አወረደ። ኩኩ ቀስቷን ዝቅ አደረገች።

ዝም። አልቆ ይሁን ሊቀጥል፣ ማንም አላወቀም። ሁሉም ዳግመኛ ላለመገሠጽ እጁን ጭኑ ላይ አጣብቋል። ኩኩ ሕዝቡን አየች፤ ፈገግታዋ ከፊቷ ላይ መድረቅ ጀመረ። እትዬ ፈትሂያ፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ፣ አፋቸውን በሁለት እጃቸው አፍነዋል።

ሱዓድ አላስቻላትም። እጃቸውን ይዛ ከአፋቸው ላይ አወረደችው።

«እትዬ ፈትሂያ፣ ምን ይጠብቃሉ! ልጄን ይቀበሉልኝ እንጂ!»

ብድግ አሉ። «አብሽሪ ኩኩዬ! አብሽሪ የወሎ ልጅ!»

አዳራሹ ተነስቶ ተቀበላቸው። ከዚያ በኋላ ሱዓድን ማን ዝም ያሰኛት!