ያነሡት እጅ

ጋሽ ታደለ የወደቁት ጳጉሜን አንድ ቀን ጠዋት፣ ፒያሳ፣ ወርቅ ቤታቸው በር ላይ ነው። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ለአብዮቱ በዓል በየሱቁ ቀይ ጨርቅ ይሰቀል ብሎ ቀበሌው አዟል። መሰላል ላይ ወጡ፤ መሰላሉ ተንሸራተተ። እስከዚህ ድረስ ማንም አይወቀስም።

የማወጋችሁ ስለ ቀሪው ነው። መቼም እኛ የወደቀ ሰው መሬት ላይ ማየት አንችልም። እስኪቆም ድረስ ያቁነጠንጠናል፤ የት ላይ ተመታህ ብሎ መጠየቅ እንኳ ጊዜ ማባከን ይመስለናል። እናንተስ ስንቱን ጎትታችሁ አቁማችኋል?

ጋሽ ታደለ በግራ እጃቸው ቁርጭምጭሚታቸውን ይዘው ቀኝ እጃቸውን አወናጨፉ። «ቆይ፣ ተዉኝ! አትንኩኝ!»

«አይዞህ ታዴ!» አለ ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ ከበደ፣ የሳሙና አረፋ ከእጁ ሳይደርቅ እየሮጠ። «ወንድ ልጅ እንዲህ ይንጋለላል? ካድሬ ሳያይህ ተነሥ!»

«እግሬን ነው እኮ!»

«ስትራመድበት ይለቅሃል!»

አንዱ ወገባቸውን፣ ሌላው ቀበቷቸውን ያዘ። ከበደ ያንን የሚወናጨፍ እጅ አገኘና ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበ። ጋሽ ታደለ ጮኹ።

«አያችሁ፣ ነፍስ ዘራ!» አለ ከበደ።

በማግስቱ ብርቱካን ይዘን ሐኪም ቤት ሄድን። ቁርጭምጭሚታቸው ተሰብሯል፤ እሱስ ይጠገናል። የጨነቀን ቀኝ እጃቸው ነው። የወለቀው ትከሻ ወደ ቦታው ቢመለስም ጣቶቻቸው ደንዝዘዋል። ወርቅ ሠሪ ጉጠት መያዝ ካልቻለ ምን ሊሠራ ነው?

ሐኪሙ መጣ። «በዚህ እጅዎ ነው የወደቁት?»

«የለም፣ በእግሬ ነው።»

«ታዲያ ትከሻዎ እንዴት ወለቀ?»

ከበደ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ብርቱካን እየላጠ ያጎርሳቸዋል። ጋሽ ታደለ ፊቱን አዩት። ጎረሱ፣ ዋጡ።

«ያው ስወድቅ ነው፣ ዶክተር።»

ይሉኝታ በራጅ አይታይም። ሐኪሙም እሺ ብሎ ሄደ።

ጣቶቹ አልተመለሱም፤ ወርቅ ቤቱ ጥምቀት ሳይደርስ ተዘጋ። ከበደ ግን እስከ ዛሬ ጋሽ ታደለን በነፃ ይላጫል፤ ወረፋ ለሚጠብቀውም ሁሉ ያወራል። «ያን ቀን እኔ ባልደርስለት ኖሮ! አይደለም እንዴ ታዴ?»

ጋሽ ታደለ ራሳቸውን አይነቀንቁም። ምላጩ አንገታቸው ላይ ነው።